የጠርሙሱ ስምና የአክሲዮኑ ዋጋ

መካከለኛ የፍጆታ ዕቃ አምራች ኩባንያዎችን ስለ መመዘን፤ ከአምቦና ከምዕራብ ሸዋ ከተሞች በተወሰደ ምሳሌ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ሆለታን፥ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ፥ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ አምቦ ይደርሳል። በቀድሞው አጠራር ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው ይህች ከተማ ስሟን ለመላው አገር ያስተዋወቀችው ከምድሯ በሚፈልቀው ማዕድን ውኃ ነው። ከከተማዋ አጠገብ በሰንቀሌ የሚታሸገው ውኃ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ ሲቀርብ መኖሩን ጠርሙሱ ራሱ ይናገራል። በአንድ ምግብ ቤት ተቀምጦ «አምቦ ውኃ አምጪልኝ» የሚል ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው አረፋ ያለውን ውኃ እንጂ የአንድን ፋብሪካ ምርት ለይቶ አይደለም። የቦታው ስም የዕቃው ስም እስኪሆን ድረስ ተዋሕዷል።

እንግዲህ በአምቦ የሚያስተምር አንድ መምህር ይታሰብ። ከደመወዙ እየቆጠበ 100,000 ብር አጠራቅሟል። አንድ ሰው መጥቶ በየሱቁ ምርቱ የሚታይ፥ ስሙ በየሰው አፍ ያለ አንድ ኩባንያ አክሲዮን እንደሚሸጥ ይነግረዋል። መምህሩ ዕቃውን ያውቀዋል፤ ልጆቹም ይጠጡታል። ይህ እውቀት ገንዘቡን አውጥቶ ለመስጠት ይበቃል ወይ? የዚህ ንግግር መልስ አጭር ነው፤ አይበቃም። መልካም ዕቃ፥ መልካም ኩባንያና መልካም አክሲዮን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ከሌላው ሳይለይ ሲቀር ጉዳቱ የሚወድቀው ቁጠባው አነስተኛ በሆነው ሰው ላይ ነው።

ጥያቄው ዛሬ የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ አክሲዮን መሸጥና መግዛት አዲስ ነገር አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበራትን አቋም በዝርዝር ደንግጎ ነበር፤ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በብሔራዊ ባንክ ጠባቂነት የአክሲዮን መገበያያ ቡድን በአዲስ አበባ ይሠራ ነበር። ይህ ጅምር ሥር ሳይሰድ አብዮቱ መጣ። በጥር ወር 1967 ዓ.ም. ከመቶ በላይ የሚሆኑ የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች በሙሉም ሆነ በከፊል ወደ መንግሥት ይዞታ መዛወራቸው ታወጀ፤ የአክሲዮን ገበያውም ተዘጋ። ከዚያ በኋላ አንድ ትውልድ ሙሉ የሒሳብ መግለጫ አንብቦ አክሲዮን የመመዘን ልማድ ሳይኖረው አደገ።

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን ሲጀምር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበረ፤ ገዳ ባንክም ከፊተኞቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም እያንዳንዱን በ300 ብር ዋጋ 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች ለሕዝብ አቅርቦ፥ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህሉን ገዙ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፥ ይኸውም 9,900 ብር ስለ ነበረ፥ ባለ አነስተኛ ቁጠባ ሰው በሩ ተከፍቶለታል። በሌላ በኩል ገንዘቡን በባንክ የሚያኖረውም አልተመቸውም፤ የባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ በነበረበት በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ቆጣቢው ወደ አክሲዮን መመልከቱ ተገቢ ነው፤ ግን እንዴት ይመልከት?

መጀመሪያ የሚመረመረው ስሙ ነው። የታወቀ ስም ሀብት የሚሆነው አንድ ሥራ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ይኸውም ኩባንያው ወጪው በጨመረ ጊዜ ዋጋውን ጨምሮ ደንበኛው ሳይሸሽ ሲቀር ነው። ይህን ለማወቅ የዋጋ ጭማሪ ከተደረገ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ በጊንጪ፥ በጉደርና በጌዶ ያሉትን ቸርቻሪዎች መጠየቅ ይቻላል። በሳምንት ስንት ሣጥን ይሸጡ ነበር? አሁንስ ስንት? ሣጥኑ ካልቀነሰ ስሙ ይሠራል። ደንበኛው «ሌላም ቢሆን ግድ የለም» ካለ ግን ስሙ ዝና እንጂ ሀብት አይደለም።

የዚህ ምስክር በየቤቱ አለ። በአገራችን ባዶው የፕላስቲክ ጠርሙስ «ሃይላንድ» ይባላል፤ ቃሉ የመጣው ቀድሞ ከታወቀ አንድ የታሸገ ውኃ ስም ነው። ዛሬ ብዙ ዓይነት ውኃ በየሱቁ ተደርድሮ ሳለ፥ የሁሉም ባዶ ጠርሙስ በዚያ ስም ይጠራል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ ይሁን እንጂ ለባለአክሲዮን የሚጠቅመው ስሙ በሕዝብ አንደበት መዋሉ ሳይሆን በሒሳብ መዝገቡ ላይ ገቢ ሆኖ መታየቱ ነው። አምቦም ይህ ፈተና አለበት፤ ስሙ የዓይነቱ ሁሉ መጠሪያ ሲሆን «አምቦ» ያለው ደንበኛ ሌላ አረፋማ ውኃ ቀርቦለት ዝም ብሎ ሊጠጣ ይችላል።

የቦታ ስምም እንዲሁ ያሳስታል። ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ርቃ የምትገኘው ጉደር ስሟን ለታወቀ ቀይ ወይን ጠጅ ሰጥታለች። ወይኑን የሚያመርተው ግን አዋሽ ወይን ጠጅ ነው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ኤይት ማይልስ የተባለ በአፍሪካ የሚሠራ የኢንቨስትመንት ድርጅት ባለድርሻ ሆኖበታል። የጉደር ሰው በስሙ ቢኮራ አይነቀፍም። ሆኖም ኩራቱ የትርፍ ድርሻ አያስገኝለትም።

ሁለተኛው ምርመራ ለመሐንዲስ የሚቀርብ ነው፤ ይኸውም የመሣሪያውና የጠርሙሱ ነገር ነው። አንድ የማሸጊያ መሥመር በሰዓት 24,000 ጠርሙስ እንዲሞላ ተሠርቶ፥ በቀን 16 ሰዓት በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፥ 115 ሚሊዮን ጠርሙስ ገደማ ሊያወጣ ይችላል። ኩባንያው በዓመት የሸጠው 46 ሚሊዮን ከሆነ የሚሠራው በችሎታው 40 በመቶ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ኩባንያ «ለማስፋፊያ» ብሎ አዲስ አክሲዮን ሲያቀርብ፥ ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ ያለው መሣሪያ ለምን ሥራ ፈታ የሚል ነው። ምክንያቱ የመብራት መቋረጥ፥ የመለዋወጫ እጦት፥ የቆርኪ እጥረት ወይም የገበያ ማነስ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ለየአንዳንዱ የተለየ ነው፤ ሁለተኛ መሥመር መትከል ግን ለአንዱም መድኃኒት አይሆንም።

ተመላሹ የብርጭቆ ጠርሙስ ራሱን የቻለ ሒሳብ አለው። ዋጋው 30 ብር የሆነ ጠርሙስ ሳይሰበር 30 ጊዜ ተሞልቶ ቢመለስ፥ ለአንድ ጉዞ የሚደርሰው ወጪ 1 ብር ነው። መንገዱ ሻካራ፥ አያያዙም ግድ የለሽ ሆኖ በ15 ጉዞ ቢሰበር ወጪው 2 ብር ይሆናል። ይህች አንዲት ብር በ46 ሚሊዮን ሽያጭ ስትባዛ 46 ሚሊዮን ብር ናት። ስለዚህ ስለ ማስታወቂያው ከመጠየቅ በፊት ስለ ስብራቱ መጠየቅ ይበጃል። ደግሞም ደንበኞች ለጠርሙስና ለሣጥን ያስያዙት ገንዘብ በኩባንያው ካዝና ቢገኝም የኩባንያው ሀብት አይደለም። ዕቃው ሲመለስ የሚመለስ ስለ ሆነ በዕዳ መቈጠር አለበት።

ሦስተኛው ምርመራ በወረቀት ላይ ያለውን ትርፍ ከእውነተኛው መለየት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ ከ57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የውኃው ምንጭ አገር ውስጥ ቢሆንም የፕላስቲክ ጠርሙሱ ጥሬ ዕቃ፥ የመሣሪያው መለዋወጫና የጭነት መኪናው የሚገዙት በውጭ ምንዛሪ ነው። ነገር ግን የእርጅና ተቀናሹ የሚሰላው መሣሪያው ቀድሞ በተገዛበት ብር ነው። በዚህ ምክንያት ትርፍ መስሎ የሚታየው ገንዘብ ከፊሉ ያረጀውን ለመተካት ሊቀመጥ የሚገባው ነው።

ይህን በአንድ የታሰበ ኩባንያ ላይ በቍጥር ማየት ይቻላል። ኩባንያው 2 ሚሊዮን አክሲዮኖች አሉት፤ ከግብር በኋላ ያስታወቀው ትርፍ 60 ሚሊዮን ብር ነው፤ ለአንድ አክሲዮን 30 ብር ይደርሳል። አክሲዮኑ በ240 ብር ይሸጣል። ሻጩ «በስምንት ዓመት ትርፉ ዋጋውን ይመልሳል» ይላል፤ ስሌቱም ትክክል ነው። የሒሳብ መግለጫው ሲገለጥ ግን ለእርጅና የተቀነሰው 20 ሚሊዮን ብር ብቻ ሆኖ ተገኘ። በየዓመቱ የሚያረጀውን ጠርሙስ፥ መኪናና መሣሪያ በዛሬ ዋጋ ለመተካት ግን 50 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። ልዩነቱ 30 ሚሊዮን ሲቀነስ እውነተኛው ትርፍ 30 ሚሊዮን፥ ለአንድ አክሲዮንም 15 ብር ይሆናል። ከዚህም ሌላ ሽያጩን ከፍ አድርጎ ለማሳየት ለአከፋፋዮች በዱቤ የተሰጠው ዕቃ በዓመቱ ውስጥ በ12 ሚሊዮን ብር አድጓል። በእጅ የገባው ጥሬ ገንዘብ እንግዲህ 18 ሚሊዮን፥ ለአንድ አክሲዮን 9 ብር ብቻ ነው።

የአምቦው መምህር በ100,000 ብሩ 416 አክሲዮን ቢገዛ፥ ኩባንያው ያለውን ጥሬ ገንዘብ ሁሉ ቢያካፍል እንኳ በዓመት 3,744 ብር ይደርሰዋል። በባንክ በ7 በመቶ ቢያስቀምጠው 7,000 ብር ገደማ ያገኝ ነበር። እርግጥ ነው፥ የባንኩ ወለድ ባለበት ሲቆም የኩባንያው ገቢ ከዋጋ ንረት ጋራ ሊያድግ ይችላል፤ የአክሲዮን ብልጫው ይህ ነው። ይሁን እንጂ ያ ተስፋ የሚሠራው ከላይ እንደ ተነገረው ዋጋውን ጨምሮ ደንበኛውን ማቆየት ለሚችል ኩባንያ ብቻ ነው።

አራተኛው ምርመራ የተቀረውን ድርሻ ማን ይዞታል የሚለው ነው። አምቦ ማዕድን ውኃ ራሱ ለዚህ ትምህርት ይሆናል። ፋብሪካው በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆነ፤ በኋላ ወደ ግል ይዞታ ሲዛወር ሳውዝ ዌስት ዴቨሎፕመንት የተባለው የአገር ውስጥ ድርጅትና ሳብሚለር የተባለው ዓለም አቀፍ የመጠጥ ኩባንያ ባለድርሻ ሆኑበት። በጥቅምት ወር 2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳብሚለር በሙሉ በኤቢ ኢንቤቭ ተገዛ። ይህ ውል የተፈረመው ከሰንቀሌ እጅግ ርቆ፥ ከአምቦ ውኃ እጅግ ለሚበልጥ ጉዳይ ነው። በመካከለኛ ኩባንያ ውስጥ ትልቅ ሸሪክ መኖሩ እውቀትና የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፤ ነገር ግን ለትልቁ ሸሪክ ያ ኩባንያ ከብዙ ይዞታዎች አንዱ ነው፤ ለመምህሩ ግን ያለው ሁሉ ነው።

በደብረ ብርሃን የተቋቋመው ሐበሻ ቢራም ሊታወስ ይገባል። ከ8,000 በላይ ባለአክሲዮኖች ገንዘባቸውን አዋጥተው፥ የሆላንዱ ባቫሪያ ሸሪክ ሆኖ ገብቶ፥ ቢራው ለገበያ የቀረበው በ2007 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያው የአክሲዮን ሽያጭ እስከ መጀመሪያው ጠርሙስ ድረስ ዓመታት አልፈዋል። ሐበሻ ከግቡ ደርሷል፤ ሆኖም ገንዘብ ሰብስበው መሠረት ሳይጥሉ የቀሩ ማኅበራት እንደ ነበሩም አይዘነጋም። ስለዚህ ገዢው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ቀላል ጥያቄዎች አሉ። ጠቅላላ ጉባኤው በየዓመቱ ይሰበሰባል ወይ? የተመረመረው ሒሳብ ከጉባኤው በፊት ለባለአክሲዮኖች ይደርሳል ወይ? ኩባንያው ከዳይሬክተሮቹ ወይም ከዘመዶቻቸው ድርጅት ዕቃ ይገዛል ወይ? ገንዘቡ ያስፈለገ ቀን አክሲዮኑን የሚገዛ ይገኛል ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለ፥ አክሲዮኑ የሚመዘነው እንደማይሸጥ ንብረት ተቈጥሮ ነው።

አምስተኛው ምርመራ በአንድ ምንጭ፥ በአንድ ስምና በአንድ መንገድ ላይ መመሥረት የሚያመጣው አደጋ ነው። በፈረንሳይ አገር ፔሪዬ የተባለው አረፋማ ማዕድን ውኃ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነበር። በየካቲት ወር 1990 እ.ኤ.አ. በውኃው ውስጥ ጥቂት የቤንዚን ኬሚካል ርዝራዥ በመገኘቱ 160 ሚሊዮን ያህል ጠርሙሶች ከዓለም ገበያ እንዲሰበሰቡ ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኩባንያው በኔስሌ እጅ ገባ። ብዙ ዓይነት ዕቃ የሚያመርት ትልቅ ድርጅት እንዲህ ያለውን ጉዳት ይችለዋል፤ በአንድ ስም የሚኖር መካከለኛ ኩባንያ ግን ሁሉንም በአንድ ሳምንት ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ስለ ምንጩ ጥበቃ፥ ስለ ውኃው ምርመራና በዙሪያው ስላለው መሬት አጠቃቀም የሚጠየቀው ጥያቄ የጤና ብቻ አይደለም፤ የአክሲዮን ዋጋም ጥያቄ ነው።

መንገዱም እንዲሁ ነው። በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የተጀመረው ተቃውሞ በብዙ የኦሮሚያ ከተሞች ተስፋፍቶ እንደ ነበረ የሚታወቅ ነው። የተቃውሞው ምክንያትና የደረሰው የሰው ሕይወት ጥፋት ከንግድ ሒሳብ በላይ ነው፤ ሆኖም መንገድ በተዘጋ ቍጥር የሞላው ጠርሙስ ወደ አዲስ አበባ፥ ባዶውም ወደ ፋብሪካው እንደማይሄድ ግልጽ ነው። አንድ ኩባንያ ሳይሸጥ ለሠራተኛ ደመወዝና ለባንክ ዕዳ ስንት ሳምንት ሊከፍል ይችላል? በብዙ ብድር የተሠራ ፋብሪካ በዚህ ጥያቄ ይወድቃል፤ ዕዳው አነስተኛ የሆነው ግን እስኪያልፍ ይጠብቃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ዋጋው ነው። ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ 20 ቶን የሚያልፍበትን ድልድይ 20 ቶን ብቻ እንዲሸከም አድርጎ አይነድፍም፤ ስለማያውቀው ሁሉ ትርፍ ጥንካሬ ይጨምርበታል። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ግራሃም በ1934 እና በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው መጻሕፍት ይህንኑ ሐሳብ ለአክሲዮን ገዢዎች አስተምሯል፤ ዋጋው ከተገመተው እሴት በብዙ ዝቅ ካላለ አይገዛም። ከላይ በተጠቀሰው የታሰበ ኩባንያ ገዢው ለአደጋውና ለዋጋ ንረቱ ሲል በዓመት 15 በመቶ ቢፈልግ፥ 15 ብር እውነተኛ ትርፍ ያለው አክሲዮን ለእርሱ የሚያወጣው 100 ብር ነው። ስሌቱ ሊሳሳት ስለሚችል ከዚህ ሲሶውን ቢቀንስ 67 ብር ገደማ ይደርሳል። በ240 ብር የቀረበለት አክሲዮን ኩባንያው መልካም፥ ውኃውም ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ለእርሱ የማይገዛ ነው። ሌላ ሰው ዕድገቱን በሌላ መንገድ ገምቶ ሌላ ቍጥር ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ዋናው ነገር ቍጥሩ ከመግዛት በፊት በወረቀት ላይ መስፈሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም ይገባዋል። ከላይ የተባለው አምቦም ሆነ ሌላ ስሙ የተጠራ ኩባንያ ይገዛ ወይም አይገዛ ለማለት አይደለም። በቍጥር የቀረበው ኩባንያም የታሰበ እንጂ የማንም አይደለም። የተፈለገው ሚዛኑን ማሳየት ነው፤ ሚዛኑ ለዱቄት ፋብሪካ፥ ለዘይት መጭመቂያ፥ ለወተት ማቀነባበሪያና ለሳሙና ፋብሪካም ያገለግላል።

ባለሙያ ማኅበራትም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። የመሐንዲሱ ዐይን የማሸጊያ መሥመሩን ድካም፥ የሒሳብ አዋቂው ዐይን የዱቤውን ማበጥ፥ የቸርቻሪው ዐይን የደንበኛውን ልብ ያያል። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ የሒሳብ መግለጫ ቢያነቡ፥ ለብቻው ከቆመ አንድ ቆጣቢ ይልቅ እጅግ የተሻለ ፍርድ ይሰጣሉ። በአምቦ፥ በጊንጪና በጉደር ይህን የመሰለ የንባብ ጉባኤ ለማቋቋም ከአንድ ክፍልና ከጥቂት ወንበሮች ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ይላል የአገራችን ሰው። መምህሩም ያን 100,000 ብር ለማጠራቀም ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። አክሲዮን ሻጩ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ስለ ጠርሙሱ ስብራት፥ ስለ ዱቤው፥ ስለ እርጅና ተቀናሹና ስለ ትልቁ ሸሪክ ቢጠይቀው፥ በመልሱም መሠረት በወረቀት ላይ ስሌቱን ቢሠራ፥ ከዚያ በኋላ ቢገዛም ቢተውም የወሰነው እርሱ ራሱ ነው።